በእርሻው ዳር የጎደለው መስመር

ኅዳር ሲጋመስ የእንጦጦን ጀርባ ይዞ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የወረደ ሰው ከሁሉ በፊት የሚቀበለው ነፋስ ነው። ሜዳው ወለል ብሎ ተዘርግቷል። ክረምቱን ውኃ ተኝቶበት የከረመው ሣር ታጭዶ ተከምሯል፤ የክምሩ አናት እንዳይበተን ግንድ ተጭኖበታል። ላሞቹ ጀርባቸውን ለምሥራቅ ሰጥተው በአንድ ወገን ቆመዋል። ከብት እንዲህ ተሰልፎ ሲቆም ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም። ከመንገዱ ራቅ ብሎ አንድ የባሕር ዛፍ ረድፍ አለ። ረጅም ነው፤ ከሥሩ እስከ ሰው ቁመት ድረስ ግን ቅጠል የሚባል የለበትም፤ ነፋሱ በግንዶቹ መካከል እያፏጨ ያልፋል። ከረድፉ ማዶ ያለው ስንዴ ግማሹ መሬት ላይ ተኝቷል።

ዛፍ ነፋስን እንደሚከላከል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ታዲያ ዛፉ እዚያው ቆሞ ሳለ ስንዴው ለምን ወደቀ? ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ አዲስ አበባን ከሰሜን፣ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ያቀፉ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በተባለው አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በአካባቢያቸው ዛፍ በብዛት ይታያል። ያም ሆኖ እርሻቸው ከነፋስ የተጠለለ ነው ማለት አይቻልም። ዛፍ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ነፋስ እንዲከላከል ታስቦ መተከሉ ሌላ ነው።

ነፋስ ከማሳው ምን ይወስዳል?

ገበሬው ስለ ነፋስ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያነሣው የወደቀ ሰብል ነው። እውነቱን ነው። ጤፍ አገዳው ቀጭን ነው፤ ሥሩም ጠልቆ አይሄድም። ዘለላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር ከላይ ይከብዳል፤ በመስከረምና በጥቅምት ዝናብ የቀላቀለ አንድ ብርቱ ነፋስ ማሳውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጥለዋል። ጋሸበ የሚባለው ይኼ ነው። የጋሸበ ጤፍ ፍሬው በደንብ አይሞላም፣ እርጥበት ከያዘው ይሻግታል፣ አጫጁንም ወገቡን ይቆርጠዋል። ማዳበሪያ በተጨመረ ቁጥር ደግሞ አገዳው እየረዘመ ስለሚሄድ መጋሸቡ ይብሳል። ገበሬው ገንዘቡን አውጥቶ ያሳደገው ሰብል በማደጉ ምክንያት ይወድቅበታል።

የማይታየው ጉዳት ግን ከዚህ አያንስም። ከሰበታ አልፎ ወደ በቾ ሜዳ ሲኬድ መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። እነዚህ ሰብሎች ከተዘሩ በኋላ የሚጠብቁት ዝናብ እምብዛም የለም፤ የሚያድጉት አፈሩ ከክረምት ባስቀረው እርጥበት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የሚነፍሰው ደረቅ የበጋ ነፋስ ያንን እርጥበት በየቀኑ ይጠጣዋል። መረሬው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ሥር ይበጥሳል፤ በስንጥቁም ተጨማሪ እርጥበት ይወጣል። ተክሉም በበኩሉ ነፋስ ሲበረታበት ውኃ እንዳያልቅበት የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ቀዳዳው ሲዘጋ ምግብ ማዘጋጀቱም ይቀንሳል። ገበሬው በታኅሣሥ የቀለለ ፍሬ ሲሰበስብ ዝናቡ አነሰ ይላል፤ ነፋሱን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

የሱሉልታ የወተት ላም አርቢዎች ደግሞ ነገሩን በወተቱ ያውቁታል። ብርድና ነፋስ አንድ ላይ ሲመጡባት ላሟ የበላችውን ወተት ከማድረግ ይልቅ ገላዋን ለማሞቅ ታውለዋለች።

ነፋስን መዝጋት አይቻልም

የነፋስ መከላከያ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የተደፈነ አጥር ነው። ይህ ስሕተት ነው። ነፋስ የተደፈነ ነገር ሲገጥመው አናቱን ይዘልና ማዶው ላይ እየተሽከረከረ ይወርዳል። ከግንብ ጀርባ ጥቂት እርምጃ ርቆ አቧራ የሚሽከረከርበትን ቦታ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጥሩ ረድፍ ወንፊት ነው፤ ግማሽ ያህሉን ነፋስ ያሳልፋል፣ ያሳለፈውን ግን ጉልበቱን ሰብሮ ያሳልፈዋል። ያ ደካማ ነፋስ ከኋላ ሆኖ በአናት ላይ የተሻገረውን ብርቱ ነፋስ ቶሎ እንዳይወርድ ይዞ ያቆየዋል።

የሚጠለለው ስፋት የሚለካው በዛፉ ቁመት ነው። በደንብ የተተከለ ረድፍ የቁመቱን አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ወዳለው ርቀት የነፋሱን ጉልበት ይቀንሳል። አሥር ሜትር የደረሰ ረድፍ መቶ ሜትር ማሳ ይጠብቃል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ግን ረድፉ ነፋሱን አግድም ሲቆርጠው ነው። በዚህ አካባቢ የበጋው ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ወገን ስለሚመጣ ረድፉ ከሰሜን ወደ ደቡብ መዘርጋት አለበት። ከነፋሱ ጋር ትይዩ የተተከለ ረድፍ ቢያምርም ጥቅም የለውም።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ረድፉን ከመጥቀም ወደ መጉዳት ይለውጡታል። አንዱ መካከሉ ላይ የሚቀር ክፍተት ነው፤ ነፋስ በጠባብ በር ሲያልፍ ከሜዳው ይልቅ ይፈጥናል። ሁለተኛው ባዶ የቀረ የዛፍ ሥር ነው። ቅርንጫፉ ለማገዶ ተመልምሎ ግንዱ ብቻ የቆመ ባሕር ዛፍ ከታች ረጅም ክፍት በር ነው፤ ሰብሉ ባለበት ቁመት ላይ ነፋሱን ያፈጥነዋል። የሱሉልታው ስንዴ ዛፍ አጠገቡ እያለ የወደቀው በዚህ ነው።

ስለዚህ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻውን አይበቃም። ረጅሙ ዛፍ መሐል ይሆናል፤ ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ከሥሩ ቁጥቋጦ ይገባበታል። ለቁጥቋጦው ክትክታ፣ ሰንሰል ወይም ግራዋ ይሆናል፤ ሁሉም ገበሬው በስማቸው የሚጠራቸው፣ ከአጥር ጥግ የማይጠፉ ናቸው።

ባሕር ዛፍ እንዴት የእርሻ ዳር ሆነ?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ ዙሪያዋ ያለው ደን አለቀ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ፣ ከዛሬው ቡራዩና ሆለታ አልፎ ወደሚገኘው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዘሩን በማስመጣት ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ ነው፤ ጊዜውም በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ ነው። ዛፉ ተቆርጦ እንደገና ማቆጥቆጡ፣ በጥቂት ዓመት ለማገዶና ለቤት ማገር መድረሱ የከተማዋን ነዋሪ ልብ ወሰደው። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ውኃ ያደርቃል ተብሎ ከሦስት ሁለቱ እጅ እንዲነቀል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ትእዛዙ አልተፈጸመም፤ ሕዝቡ ዛፉን ለመልቀቅ ፈቃደኛ አልነበረም።

ዛሬም ፈቃደኛ አይደለም፤ ምክንያትም አለው። ባሕር ዛፍ ለእነዚህ ከተሞች ገበሬ የባንክ ደብተሩ ነው የሚሉ የእንጨት ነጋዴዎች ብዙ ናቸው። ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲታመም፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ አንድ ረድፍ ይሸጣል። አዲስ አበባ ውስጥ በሚቆሙ ብዙ ሕንፃዎች ላይ መወጣጫ የሚሆነው አጣና ከእነዚህ ዳገቶችም ይቆረጣል። ከብት አይበላውም፤ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከሆለታ ወዲህ ያሉ ንብ አርቢዎችም በአበባው ይጠቀማሉ። ባሕር ዛፍን በጭፍን የሚኮንን ጽሑፍ ይህን ሁሉ የሚረሳ ነው።

ነገር ግን ከጤፍ ማሳ ዳር ሲቆም ያለውን ነገር ቀርቦ ማየት ይገባል። ጥቅምት ላይ ከረድፉ ሥር ተነሥቶ ወደ ማሳው የሚራመድ ሰው የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች የሚሄደው አመድማ በሆነ፣ ቅርፊትና ደረቅ ቅጠል በተነጠፈበት መሬት ላይ ነው፤ ሣር እንኳ የለበትም። ቀጥሎ ጤፉ ይጀምራል። ስንዝር የማይሞላ፣ ወደ ብጫ የወሰደው፣ ዘለላው ሳይወጣ ያረጠ ጤፍ ነው። የዛፉን ቁመት ያህል ወደ ውስጥ ሲገባ ነው አረንጓዴው የሚመለሰው። የቸገራቸው ገበሬዎች በዛፉና በማሳው መካከል ጥልቅ ቦይ ይቆፍራሉ። ቦዩ በጎን የሚመጣውን ሥር ስለሚቆርጥ ይሠራል፤ ግን በየዓመቱ መታደስ አለበት። ሌላም ችግር አለ፦ ባሕር ዛፍ ሲሸጥ ረድፉ እንዳለ ይቆረጣል። ነጋዴው ሲመጣ የነበረው መከላከያ በአንድ ሳምንት ይጠፋል፤ እንደገና እስኪያድግ ማሳው ለነፋስ ክፍት ሆኖ ይቆያል። በእኔ እምነት ባሕር ዛፍ ቦታው ገደልና ድንጋያማ ዳገት ነው፤ የእህል ማሳ ዳር አይደለም።

ተካዩ አንድ፣ ተጠቃሚው ሌላ

የጉዳዩ ዋና ቋጠሮ ያለው እዚህ ነው። ከረድፉ ጀርባ ሰብሉ በጣም የሚጠቀመው ከዛፉ ሥር አይደለም። እዚያ ጥላና ሥር ይሻሙታል። ጥቅሙ የሚበረታው ከዛፉ ቁመት ሦስትና ሰባት እጥፍ ባለው ርቀት መካከል ነው። ዛፉ አሥር ሜትር ከሆነ ከሠላሳ እስከ ሰባ ሜትር ማለት ነው። አሁን ይህን በሰበታ ዙሪያ ካሉት ማሳዎች ጋር እናገናኘው። የአብዛኛው ገበሬ ማሳ ቁራሽ ነው፤ የአንዱ ወርድ አምሳ ሜትር እንኳ የማይሞላበት ጊዜ አለ። ገበሬው በራሱ ድንበር ላይ በምሥራቅ በኩል ቢተክል ጥላውና ሥሩ የሚያርፉት በእሱ ማሳ ላይ ነው። ከተጠለለው መሬት ትልቁ እጅ የሚወድቀው ደግሞ ከእሱ በስተምዕራብ ባሉት ጎረቤቶቹ ማሳ ላይ ነው።

> ከረድፉ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም የሚያርፈው በተካዩ ማሳ ላይ ሳይሆን በጎረቤቱ ማሳ ላይ ነው።

የግብርና ባለሙያዎች ገበሬው የዛፍን ጥቅም አያውቅም ሲሉ ይሰማል። በደንብ ያውቃል። የሚያውቀው ደግሞ ይኼንኑ ነው፦ ብቻውን ቢተክል ብቻውን ይከስራል። በዚያ ላይ የአንድ ሰው ረድፍ በድንበሩ ላይ ሲያልቅ ነፋሱ ጫፉን ዞሮ ይገባል። ረድፍ የሚጠቅመው ሲረዝም ነው፤ ሊረዝም የሚችለው ደግሞ አምስትና ስድስት ባለ ይዞታዎች በአንድ መስመር ሲተክሉ ነው። ደቦ ለአጨዳ፣ ዕድር ለኀዘን፣ ዕቁብ ለገንዘብ ባለበት አገር ለነፋስ የሚሆን ማኅበር መፍጠር የሚከብድ አይደለም። እስካሁን የጠየቀ የለም እንጂ።

ከብትም ጉዳዩን የጋራ ያደርገዋል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው ሁሉ የመንደሩ ከብት መሰማሪያ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ከዚያ የሚተርፈው መራራ ስለሆነ ነው። ሌላ ችግኝ ሐምሌ ላይ ተተክሎ ጥር ላይ ይበላል። ትሪ ሉሰርን የተባለው፣ ብርድ የሚችል፣ ቅጠሉ ለወተት ላም ምርጥ መኖ የሚሆን ዛፍ ለሱሉልታ ዳገታማ መሬት የተፈጠረ ይመስላል፤ ግን ላሟ ስለምትወደው ጠባቂ ከሌለው አንድ በጋ አያድርም። ውኃ የሚተኛበትን ሜዳም አይወድም። አንድ መንደር ችግኝ በተተከለበት ዳር ለሁለትና ለሦስት ዓመት ከብት ላለማስገባት ካልተስማማ የቱም ዓይነት ዝርያ ቢመጣ ውጤቱ አንድ ነው።

ሜዳው ውርጭም አለበት

ሱሉልታ ላይ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሜዳው በተራሮች የተከበበ ነው፤ ውኃው ወደ ሙገር ይወርዳል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ውርጭ የሚወርደው ነፋስ ሲያርፍ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከዳገቱ ቁልቁል ወርዶ ዝቅ ባለው ቦታ ይከማቻል። ጥቅጥቅ ያለ ረድፍ በቁልቁለቱ ላይ አግድም ከተተከለ ቀዝቃዛውን አየር አግቶ ከላይ ያለውን ማሳ ያስመታዋል። ስለዚህ እዚህ ረድፉ ሳሳ ማለት አለበት፤ በዝቅተኛው ጫፍ በኩልም ብርዱ የሚወጣበት መተው አለበት። ግራቪሊያ ለሰበታ ሞቅ ያለ አፈር ጥሩ ዛፍ ነው፤ ሱሉልታ ላይ ግን ጨቅላው ውርጭ አይችልም። ለአንዱ ከተማ የተዘጋጀ የችግኝ ዝርዝር ለሌላው እንዳለ ሲላክ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ነፋስ የሚፈለግበት ጊዜ መኖሩም መዘንጋት የለበትም። ታኅሣሥ ላይ እህሉ በዐውድማ ተወቅቶ፣ በመንሽ ተገላብጦ፣ በላይዳ ወደ ላይ ሲበተን እብቁን ከፍሬው የሚለየው ነፋስ ነው። ገበሬው ነፋስ ሲያርፍበት ላይዳውን ተደግፎ ይጠብቃል። ዐውድማውን ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚያበጀው በዚሁ ምክንያት ነው። በካርታ ላይ መስመር የሚያሰምር ባለሙያ ዐውድማው የት እንደሆነ ሳይጠይቅ ቢያስተክል በሚቀጥለው ዓመት ዛፉን ተቆርጦ ያገኘዋል።

ከመናገሻ ደን እስከ ኒጀር

አገር በቀል ዛፍ ለመስመር ቀርፋፋ ነው ይባላል። የሐበሻ ጥድና ወይራ እውነትም አይቸኩሉም። ግን ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ ምዕራባዊ ጎን ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ምን ያህል እንደሚያዋጡ ያሳያል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ተብሎ ይነገራል። ነፋሱን፣ ውርጩንና አፈሩን የለመደ ዘር በቅርብ አለ ማለት ነው። ፈጥኖ የሚያድገውን ዛፍ ከዘገምተኛው ጋር ቀላቅሎ መትከል፣ ፈጣኑ ሲሸጥ ዘገምተኛው ቦታውን እንዲይዝ ማድረግ የሚቻል ነው።

ሌላው ዓለም በዚህ መንገድ አልፏል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አፈራቸው በአቧራ ማዕበል ሲወሰድ ከ200 ሚሊዮን በላይ ዛፎችን በረድፍ ተከሉ። ለእኛ የሚቀርበው ግን ኒጀር ነው። በማጂያ ሸለቆ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ድሆች ገበሬዎች በማሳዎቻቸው መካከል ድርብ የኒም ረድፍ ዘረጉ። ረድፉ የብዙ ሰው ማሳ አቋርጦ ያልፍ ነበር። ችግኙ እስኪጠና ከብት በጠባቂ ተከለከለ። የሚቆረጠው እንጨት ለማን ይሁን የሚለው ብዙ አከራከረ፤ ያም ሆኖ ረድፎቹ አደጉ፣ የእህላቸውም ምርት ጨመረ።

> ችግኝ ተቆጥሮ ይነገራል፤ መስመር ግን ማንም አይቆጥርም።

እኛ ዘንድ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። ሰው ሁሉ ዶማ ይዞ የወጣበት ቀን ነበር፤ ያንን ጉልበት ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ አረንጓዴ ዐሻራ በሚል ይተከላል። ይህ ጉልበት ወደ እርሻ ዳር መጥቶ በመስመር ቢሰለፍ ግን ለገበሬው እንጀራ የሚያደርገው አስተዋጽኦ በተራራ ላይ ከተበተነው ችግኝ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

መሬቱ ነገ የማን ነው?

ቡራዩ ላይ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። በአምቦ መንገድ ግራና ቀኝ የነበረው እርሻ አብዛኛው ቤት ሆኗል፤ ከገፈርሳ ግድብ ወዲያ ያለውም ተራውን ይጠብቃል። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ላስቲክ የሚሞሉት ሴቶች ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ባሕር ዛፍ እንደሆነ ይናገራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሬቱ ለከተማ ይወሰዳል ብሎ የሚሠጋ ገበሬ ሃያ ዓመት የሚጠይቅ ወይራ አይተክልም። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳው በመሬቱ ላይ ያለውን ንብረት ስለሚጨምር ቶሎ የሚታይ፣ ቶሎ የሚቆጠር ነገር ይመርጣል። ይህን ስግብግብነት የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን ሥጋት ነው እላለሁ። የከተማው አስተዳደር የትኛው መሬት በእርሻነት እንደሚቆይ ቆርጦ እስካልነገረው ድረስ ለነገ ዛፍ ትከል ብሎ መውቀስ ተገቢ አይደለም።

የሚቀጥለው ተከላ ሐምሌ ላይ ነው። ሥራው ግን የሚጀመረው አሁን፣ ነፋሱ በሚነፍስበት በጋ ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ችግኝ ከማደላቸው በፊት ገበሬዎቹን ማሳው ላይ ያቁሟቸው፤ ነፋሱ የሚመጣበትን፣ ብርዱ የሚወርድበትን፣ ዐውድማው ያለበትን ቦታ ራሳቸው ያሳዩ። እናንተም በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ የምታርሱ፣ ችግኝ ለመውሰድ ከመሰለፋችሁ በፊት ከጎረቤታችሁ ጋር ሦስት ነገር ተስማሙ፦ መስመሩ በማን በማን ድንበር እንደሚያልፍ፣ ከብት እስከ መቼ እንደማይገባ፣ እንጨቱ ሲደርስ ጥላና ሥር ለበዛበት ሰው ምን ያህል እንደሚደርሰው። ጉድጓዱን ግንቦት ላይ ቆፍራችሁ ጠብቁ።